የካቲት 1966 መምህራን ለምን ሥራ አቆሙ?

የ1966 አብዮት ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን የወሎ ረሃብ፣ የወታደሩ ማመፅና የታክሲ ነጂዎች አድማ ነው። የመምህራኑ አድማ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሁሌ ሰፋ አድርጌ የምነግራቸው ታሪክ ስለሆነ ዛሬ እዚህም ልጻፈው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አገሪቱ የተማረ ሰው እጥረት ነበረባት። ጥቂት ክፍል የዘለቀ ሰው ቢሮ ይገባል። ወላጅም ልጁን አስኳላ የሚልከው "ተምሮ ደመወዝተኛ ይሆናል፣ ይጦረኛል" ብሎ ነው። ታዲያ ቢሮም ይሞላል! በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ 12ኛን ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት በየከተማው መታየት ጀመረ። የገጠሩ ልጅ ደግሞ አብዛኛው የትምህርት ቤት ደጃፍም አልረገጠም።

መንግሥት ባለሙያዎች ሰብስቦ፣ የዓለም ባንክም አግዞት፣ ጥናት አስጠና። ሴክተር ሪቪው ይባላል። ሐሳቡ ባጭሩ፦ አብዛኛው ልጅ 4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ተምሮ ወደ አካባቢው ሥራ ይግባ፣ ከዚያ በላይ የሚዘልቀው ግን ጥቂት ይሁን።

እውነት ለመናገር ጥናቱ የሰነፍ ሥራ አልነበረም። ትምህርቱ ለከተማ እንደሚያደላና ከገበሬው ኑሮ ጋር እንደማይገናኝ በትክክል አይቷል። መምህራኑ ግን አንድ ጥያቄ አነሱ፦ 4ኛ ክፍል ላይ የሚቆመው የማን ልጅ ነው? የሚኒስትሩ ልጅ እንዳልሆነ ለማንም ግልጽ ነበር። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ለሕዝብ ሳይገለጽ መቆየቱ ደግሞ ጥርጣሬውን አባሰው።

የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ። (የደመወዝ ጥያቄም ነበራቸው፣ አይደበቅም። መምህር አይርበውም ያለው ማነው?) በዚያው ቀን ታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ መናር የተነሳ ቆሙ። ተማሪውም አደባባይ ወጣ። በቀናት ውስጥ ንጉሡ የነዳጁን ዋጋ አስቀነሱ፣ ሴክተር ሪቪውም ለጊዜው ይቆይ ተባለ። ወሩ ሳይወጣ የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

ወረቀቱ ቀረ እንጂ የመምህራኑ ጥያቄ አልቀረም። በ1986ቱ ፖሊሲ ማጣሪያው 10ኛ ክፍል ላይ ሆነ። አሁን 12ኛ ላይ ነው። በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015፣ 3.2 በመቶ። በ2016፣ 5.4 በመቶ። በ2015 ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ኩረጃ መቅረቱን ከልቤ እደግፋለሁ፣ ኩረጃ ስንቱን ጎበዝ ልጅ ተስፋ እንዳስቆረጠ ክፍል ውስጥ አይቻለሁ። ግን እነዚያ ትምህርት ቤቶች የት እንዳሉ፣ የማን ልጅ እንደሚማርባቸው አስቡት። ላብራቶሪ ማለት የተቆለፈ ክፍል የሆነበት፣ ለአንድ መጽሐፍ ሦስት ልጅ የሚጋፋበት ቦታ ነው።

የሚያሳስበኝ ልዩነት ደግሞ ይሄ ነው። የ1966ቱ ሰዎች ቢያንስ ለሚቀረው ልጅ አንድ ነገር አስበው ነበር፤ እርሻ፣ የእጅ ሙያ፣ መንደሩ። ዛሬ ለሚቀረው ምን አሰብን? ሪሚዲያል የሚገባው ገባ። ቴክኒክና ሙያ ግን ልጁም ወላጁም የወደቀ ሰው ቦታ አድርገውታል፣ እኛ መምህራንም ብንሆን "ካልሠራህ እዚያ ትገባለህ" እያልን እናስፈራራበታለን። መንደሩ እንዳይመለስ የአባቱ ማሳ ለአምስት ወንድማማች አይበቃም። ስለዚህ ባጃጅ ይነዳል፣ ባጃጁም ሲበዛ ደላላ ይፈልጋል፣ በጅቡቲ በኩል ወይ በመተማ በኩል። ያስተማርኳቸው፣ ስማቸውን ከመዝገብ ላይ በየጠዋቱ የጠራሁት ልጆች ናቸው።

ቤታችሁ ውስጥ በ1966 መምህር ወይም ተማሪ የነበረ አባት፣ እናት፣ አያት ካለ እስቲ ጠይቁልኝ፦ የ4ኛ ክፍሉን ነገር ሲሰሙ ምን አሉ? የጻፋችሁልኝን ለዘንድሮዎቹ ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ አነብላቸዋለሁ።