የእንጨት ወለል ዞኮሎና መሸጋገሪያ

የእንጨት ወለል ዞኮሎና መሸጋገሪያ የሚባሉት የጣውላ ወይም የፓርኬ ወለል ዳር ከግድግዳ፣ ከበር ደፍ፣ ከደረጃ ወይም ከሌላ ዓይነት ወለል ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚገጠሙ ቀጫጭን እንጨቶች ናቸው። በግድግዳው እግር ዙሪያ የሚሄደው ዞኮሎ ይባላል፤ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በኢትዮጵያ የግንባታ ሥራ ለሴራሚክና ለእምነ በረድ ጠርዝም ያገለግላል። ሁለት ወለሎችን የሚያገናኘው ደግሞ መሸጋገሪያ ነው። ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ቢያያቸውም ዋና ሥራቸው በወለሉና በግድግዳው መካከል ሆን ተብሎ የሚተወውን ክፍተት መሸፈን ነው። ይህ ክፍተት ከተደፈነ ወይም ዞኮሎው ከወለሉ ጋር ከተቸነከረ እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ ያጣል፤ ወለሉም ከመሃል ተነሥቶ ይጎብጣል።

እንጨትና የአየር እርጥበት

እንጨት ከተቆረጠና ከደረቀ በኋላም ከአየር እርጥበት መሳብና መልሶ መስጠት አይተውም። በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 40 በመቶ ሲሆን እንጨት ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ይረጋጋል፤ የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሲደርስ ግን የእንጨቱ ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። በዚህ ለውጥ ጣውላው በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚሰፋውና የሚጠበው በጎኑ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ጣውላ እርጥበቱ በ4 በመቶ ሲጨምር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሰፋ ይችላል። ይህ ለአንድ ጣውላ ትንሽ ይመስላል፤ 4 ሜትር ስፋት ባለው ክፍል ውስጥ ግን እንዲህ ያሉ 40 ጣውላዎች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ከመስፋቱ ከፊሉን በጣውላዎቹ መካከል ያለው መገጣጠሚያ ይውጠዋል፤ የቀረው ወደ ግድግዳው ይገፋል። በወለሉ ዙሪያ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚተወውም ለዚህ ነው።

በሰሜን ሸዋ ጉዳዩ ይበልጥ ይታያል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅና ፀሐያማ ይሆናል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ዝናቡ የማያቋርጥ፣ ቤቱም የሚቀዘቅዝ ነው። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደሉ አፋፍ ላይ ያለችው አንኮበር ደግሞ ከቆላው በሚወጣ ጉም ትሸፈናለች። በበጋ ደረቅ ሳለ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ የተነጠፈ ወለል ጉድለቱ የሚታወቀው በነሐሴ ነው። በክረምት እርጥብ ሆኖ የተነጠፈው ደግሞ በጥር በጣውላዎቹ መካከል ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል።

የእንጨቱ ዓይነት

በአካባቢው ነባር ቤቶች የወለል ጣውላ እንግዳ ነገር ነበር። የድንጋይ ወይም የጭቃ ቤት ወለል ምድሩ ተደልድሎ በጭቃና በእበት ይለቀለቃል፤ የተሰነጠቀው ጠርዝም እንደገና ሲለቀለቅ ይደፈናል። የጣውላ ወለል በብዛት የተለመደው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ በተሠሩ የከተማ ቤቶች ነው። በአዲስ አበባ በእቴጌ ጣይቱ የተቋቋመው ሆቴል የዚያ ዘመን ሥራ ምሳሌ ነው።

ለወለልም ለዞኮሎም ተመራጭ የነበረው ዝግባ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ለመላጊያ የሚመችና ቀለም የሚቀበል እንጨት ነው። ዝግባና ጥድ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ባለው የወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ይገኛሉ። ሆኖም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዝግባን፣ ጥድን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ከአሮጌ ቤት የተነቀለ የዝግባ ዞኮሎ እንደ ማገዶ መታየት የለበትም፤ ምስማሩ ተነቅሎና ተልጎ ዳግመኛ ሊገጠም የሚችል፣ ለዓመታት የደረቀ እንጨት ነው።

በሰሜን ሸዋ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ጠንካራ ቢሆንም ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ከመጋዝ እንደወጣ የተገጠመ የባሕር ዛፍ ዞኮሎ ከግድግዳው ተላቆ እንደ ቀስት መለመጡ የተለመደ ነው። ለዞኮሎ የፈረንጅ ጥድ ይሻላል፤ ለስላሳ መሆኑ እንደ ወለል ስለማይረገጥ አይጎዳውም። ከውጭ የሚገባው ኤም ዲ ኤፍ አይጣመምም፤ ነገር ግን ከታች ውሃ ከነካው አብጦ ይፈርሳል።

የዞኮሎ አገጣጠም

እንጨቱ ከመገጠሙ በፊት በሚገጠምበት ክፍል ውስጥ፣ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ተደርጎ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ይቆያል። ጀርባውም ከመገጠሙ በፊት ቫርኒሽ ቢቀባ መልካም ነው፤ ፊቱ ብቻ የተቀባ እንጨት በሁለቱ ጎኖቹ እኩል ስለማይጠጣ ይጎብጣል።

ዋናው ደንብ ዞኮሎ ከግድግዳ ጋር እንጂ ከወለል ጋር አይታሰርም የሚለው ነው። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ምስማር ስለማይይዝ ግድግዳው ተበስቶ ፊሸር ይገባበትና በብሎን ይታሰራል። በጭቃ ቤት ግን ልስኑ ምንም አይይዝም፤ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኩ ቋሚውን መፈለግና እዚያ ላይ መምታት ያስፈልጋል። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል ስለማይሆን ምስማሩም እኩል ርቀት ላይ አይውልም። ለዓይን ባያምርም የሚይዘው እሱ ነው።

ወደ ውጭ የወጣ ማዕዘን ላይ ሁለቱ ዞኮሎዎች በ45 ዲግሪ ተቆርጠው ይገጥማሉ። ወደ ውስጥ በገባው ማዕዘን ግን ይህ አቆራረጥ አይመከርም፤ እንጨቱ ሲደርቅ መገጣጠሚያው ይከፈታል፤ የልስን ማዕዘንም ትክክለኛ 90 ዲግሪ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። የተሻለው መንገድ የመጀመሪያውን ዞኮሎ ቀጥ አድርጎ እስከ ማዕዘኑ ማስገባት፣ የሁለተኛውን ጫፍ ደግሞ የመጀመሪያውን ቅርጽ ተከትሎ በቀጭን መጋዝ ቆርጦ ከላዩ ላይ ማሳረፍ ነው። የምስማሩ ራስ ወደ ውስጥ ይሰምጥና ቀዳዳው በሰጋቱራና በኮላ ተደፍኖ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል።

ወለሉ በሞራሌ ላይ ተነሥቶ የተሠራ ከሆነ ከሥሩ አየር መዘዋወር አለበት። ለዚህም በመሠረቱ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ይተዋል። ብርድ ያስገባል ተብሎ በጨርቅ ወይም በጭቃ ሲደፈን ጣውላው ከታች መበስበስ ይጀምራል።

መሸጋገሪያ

የእንጨት ወለል ከሴራሚክ ወይም ከሊሾ ጋር በተመሳሳይ ከፍታ ሲገናኝ የቲ ቅርጽ ያለው መሸጋገሪያ ይገጠማል። እግሩ በክፍተቱ ውስጥ ከሥር ወለሉ ጋር ይታሰራል፤ ሁለቱ ክንፎቹ ሳይታሰሩ በሁለቱም ወለሎች ላይ ያርፋሉ። ቦታው በሩ ሲዘጋ ከሳንቃው ሥር የሚውልበት ነው፤ እንዲያ ሲሆን ከየትኛውም ክፍል የሌላኛው ወለል አይታይም። ከፍታው ከተለያየ በአንድ ጎኑ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ መሸጋገሪያ ይመረጣል። 20 ሚሊ ሜትር ጣውላ በሊሾ አጠገብ ያለ መሸጋገሪያ ሲያልቅ ለአረጋውያንና ለልጆች ማደናቀፊያ ይሆናል።

የደረጃ ጠርዝ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የሰው ክብደት የሚያርፈው በእሱ ላይ በመሆኑ ልቅ መተው አይቻልም፤ በኮላም በብሎንም ከደረጃው ጋር ይታሰራል።

ጥገና

የጎበጠ ወለልን ከላይ በምስማር መቸንከር ጉዳቱን ያብሳል። መጀመሪያ ዞኮሎው በመሮ በጥንቃቄ ይነሣል፤ በክፍተቱ ውስጥ የገባ ሲሚንቶ ወይም ፍርስራሽ ካለ ይወጣል፤ ጣውላው ግድግዳውን ከነካ ዳሩ በመጋዝ ይቆረጣል። ወለሉ ብዙውን ጊዜ ሲደርቅ ራሱ ይመለሳል፤ ዞኮሎውም መልሶ የሚገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። ለበዓል ወይም ለቡና የተጎዘጎዘ እርጥብ ቄጠማም በዞኮሎው ሥር ውሃ ስለሚያቁር ከእንጨት ወለል ላይ በዚያው ቀን ቢነሣ ይመረጣል።