ተጓዥ አንቴና፦ ከቀዩ ድንኳን እስከ ዛሬው የጉዞ ሻንጣ

የራዲዮ አማተር ለጉዞ በሚነሣበት ጊዜ በእጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ማሰራጫ ማግኘት ዛሬ አይቸግረውም። የሚቸግረው አንቴናው ነው። ማሰራጫው ከትራንዚስተር መፈልሰፍ ወዲህ ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰና እየቀለለ ሲሄድ፣ አንቴና ግን ልኩን የሚቀበለው ከሞገድ ርዝመት በመሆኑ በፋብሪካ ጥበብ ብቻ የሚያጥር ዕቃ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የተጓዥ አንቴናን ታሪክ በአጭሩ በመከተል፣ የምርጫው መነሻ የሻንጣው ስፋት ሳይሆን የሚፈለገው አድማጭ የሚገኝበት ሥፍራ መሆኑን ለማስረዳት ይሞክራል።

በራዲዮ የመጀመሪያ ዘመን ስለ አንቴና ማጠር የሚጨነቅ አልነበረም። ጉልየልሞ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1901 ኒውፋውንድላንድ በሚገኘው ሲግናል ሂል ኮረብታ ላይ ሆኖ ከእንግሊዝ አገር የተላከለትን ምልክት ሰማሁ ሲል፣ አንቴናው በነፋስ ኃይል በሚበር ካይት ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ 150 ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ነበር። ለተጓዡ መንገድ የከፈቱለት አማተሮች ናቸው። ዋጋ የላቸውም ተብለው የተተዉላቸውን አጫጭር ሞገዶች እየሞከሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 የአሜሪካና የፈረንሳይ አማተሮች በ110 ሜትር ገደማ ሞገድ አትላንቲክን ተሻግረው ተነጋገሩ። ሞገዱ ባጠረ መጠን አንቴናውም አጠረ፤ በጉዞ ላይ ተይዞ የሚሄድ ጣቢያም የሚቻል ነገር ሆነ።

የዚህ አዲስ ዕድል ጥቅምም ጉድለትም ከአምስት ዓመት በኋላ በሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ ባንድነት ታየ። ግንቦት 17 ቀን 1920 ዓ.ም. (ሜይ 25 ቀን 1928 እ.ኤ.አ.) ጄኔራል ኡምቤርቶ ኖቢሌ የሚመሯት «ኢታሊያ» የተባለች የአየር መርከብ 16 ሰዎች እንደ ያዘች ከዋልታው ስትመለስ ከበረዶው ጋር ተላተመች። አሥሩ ሰዎች በረዶው ላይ ተወረወሩ፤ አንዱ ወዲያውኑ ሞተ። የቀሩትን ስድስቱን ነፋሱ ከመርከቢቱ አካል ጋር ወሰዳቸውና ደብዛቸው ጠፋ። በሕይወት የተረፉት ዘጠኙ፣ ከሩቅ እንዲታይ ቀይ ቀለም በቀቡት አንድ ድንኳን ውስጥ ተጠለሉ። የራዲዮ ሠራተኛው ጁሴፔ ቢያጂ «ኦንዲና 33» የተባለችውን አነስተኛ የአደጋ ጊዜ ማሰራጫ ከስብርባሪው መካከል አገኘና፣ በዚያው ስብርባሪ ቧንቧ ምሰሶ አቁሞ የአንቴና ሽቦውን ዘረጋ፤ በ33 ሜትር ገደማ ሞገድም የድረሱልን ጥሪውን ይልክ ጀመር።

ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ በስፒትስበርገን ደሴት የቆመችው የጉዞው ደጋፊ መርከብ «ቺታ ዲ ሚላኖ» ጥሪውን አልሰማችም። ግንቦት 26 ቀን ግን ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ቮዝኔሴንዬ ቮክማ በተባለ የሩሲያ መንደር፣ ኒኮላይ ሽሚት የተባለ ወጣት አማተር በገዛ እጁ በሠራው ተቀባይ ጥሪውን ሰማ። ወሬው ለሞስኮ ደረሰ፤ ፍለጋውም አቅጣጫ አገኘ። «ክራሲን» የተባለችው የሶቪየት የበረዶ ሰባሪ መርከብ የመጨረሻዎቹን ሰዎች ያነሣችው ሐምሌ 5 ቀን ነበር።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ብሂል ስለምን ተገለበጠ? የመርከቧ ራዲዮ በሌሎች መልእክቶች መጠመዱ የተወቀሰ ቢሆንም፣ ዋናው ምክንያት በተፈጥሮ ሕግ ውስጥ ይገኛል። አጭር ሞገድ ምድርን ተከትሎ ሲጓዝ በጥቂቱ ይሞታል፤ ወደ ላይ የወጣው ደግሞ ከአዮኖስፌር ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሩቅ ሥፍራ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል አንዳች የማይሰማበት የዝምታ ቀለበት ይቀራል። ቀረብ ያሉት አዳኞች የነበሩት በዚህ ቀለበት ውስጥ ነበር።

ሁለተኛው ሕግ ስለ መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሃሮልድ ዊለር፣ በ1948 ደግሞ ላን ጄን ቹ ባወጡት ጥናት፣ ከሞገዱ እጅግ ያነሰ አንቴና ወይ ጠባብ የድግግሞሽ ክልል ብቻ እንደሚያስተናግድ፣ አለዚያም ኃይል እንደሚያባክን በስሌት አረጋገጡ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» እንደሚባለው፣ ማነስን፣ ብቃትንና ሰፊ ክልልን በአንድነት የሚሰጥ አንቴና የለም። ለምሳሌ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ በ7 ሜጋ ኸርዝ ሲሠራ የጨረር ተቃውሞው 1 ኦም አይሞላም። የጥቅል ሽቦውና የመሬቱ ብክነት ተደምሮ 15 ኦም ቢሆን፣ ከ10 ዋት ኃይል ወደ አየር የሚወጣው ግማሽ ዋት ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

የቀለበት አንቴናም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1967 ኬኔት ፓተርሰን ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የታሰበውን ባለ ስምንት ማዕዘን ቀለበት በ«ኤሌክትሮኒክስ» መጽሔት ከገለጸ በኋላ አማተሮች ሐሳቡን ወስደው አዳበሩት። 1 ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት በ14 ሜጋ ኸርዝ 0.1 ኦም ገደማ የጨረር ተቃውሞ ሲኖረው፣ በ7 ሜጋ ኸርዝ ወደ 0.006 ኦም ይወርዳል። ስለዚህ መዳቡ ወፍራም፣ መጋጠሚያው የጸዳ ሊሆን ይገባዋል፤ ድግግሞሹ ጥቂት በተለወጠ ቁጥርም ኮንዴንሰሩን እንደገና ማስተካከል ግድ ነው። ሽቦ መዘርጋት ለማይቻልበት የሆቴል ሰገነት ግን ጥሩ ባለሟል ነው።

ዛፍ ወይም ምሰሶ ለሚገኝበት ሥፍራ ከቀጭን ሽቦ የሚበልጥ የለም። ለ14 ሜጋ ኸርዝ 10 ሜትር፣ ለ7 ሜጋ ኸርዝ 20 ሜትር የሆነ የግማሽ ሞገድ ሽቦ ተጠቅልሎ በኪስ ይያዛል፤ ብክነቱም ጥቂት ነው። አሰቃቀሉም ከርዝመቱ ባላነሰ ይወስናል። የ7 ሜጋ ኸርዙ ዳይፖል ከምድር 4 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ሲዘረጋ አብዛኛውን ኃይል ወደ ላይ ይልካል፤ ሞገዱም በቀን ጊዜ በዙሪያው ባሉ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ላይ ተመልሶ ይወርዳል። እንደ አገራችን ተራራና ገደል በበዛበት ምድር፣ ሞገዱ ከላይ ስለሚመጣ ሸንተረሩ አያግደውም። ሌሊት ሲገፋ ግን የዝምታው ቀለበት እንዳይመለስ ወደ 3.5 ሜጋ ኸርዝ መውረድ ሊያስፈልግ ይችላል። ለሩቅ አገር ደግሞ ሽቦውን በተቻለ መጠን ከፍ ማድረግ፣ ወይም ቀጥ ያለ ዘንግን ከበርካታ የመሬት ሽቦዎች ጋር መትከል ይበጃል።

እንግዲህ ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ይመልስ፦ ማን እንዲሰማኝ እሻለሁ? በየትኛው ሰዓትና ሞገድ? በምደርስበትስ ሥፍራ ምን መዘርጋት ይቻላል? የሻንጣው ስፋት የሚጠየቀው ከእነዚህ በኋላ ነው። አስቀድሞ ከተጠየቀ ግን የተመረጠው አንቴና ለመሸከም እንጂ ለመሰማት ላይበቃ ይችላል። ለመዝናናት ለወጣ አማተር ይህ የአንድ ምሽት ቅሬታ ብቻ ነው፤ አደጋ ለደረሰበት መንገደኛ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።