ረኃብ የወለደው ሳቅ፦ ድመት በኢጣሊያ ዜማ፣ ተረትና አነጋገር

ስለ ድመትና ስለ ኢጣሊያ ሙዚቃ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከሁለት ሥራዎች ነው፤ «የድመት ፉግ» ከሚባለው የዶሜኒኮ ስካርላቲ ድርሰትና በሮሲኒ ስም ከሚታወቀው የሁለት ድመቶች ዜማ። ሁለቱም ደካማ ምስክሮች ናቸው። ስካርላቲ ድርሰቱን በድመት አልሰየመም፤ ስሙ የወጣለት እርሱ ካለፈ በኋላ ነው። ሁለተኛውም ቢሆን በ1825 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብዕር ስም የታተመ፣ በአብዛኛው ከሮሲኒ ኦፔራ ከ«ኦቴሎ» ተለቃቅሞ የተቀጣጠለ ሥራ ነው።

የአገሩን ሳቅ የሚፈልግ ወደ ቦሎኛው መነኩሴ ወደ አድሪያኖ ባንኪዬሪ ይሂድ። በ1608 ለቅበላ ሐሙስ ምሽት ባዘጋጀው የዜማ መድበል ውሻ፣ ድመት፣ ኩኩና ጉጉት በየድምፃቸው ይቀባበላሉ፤ ከሥራቸው ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፋኝ ትርጉም የለሽ ላቲን ያዜማል። ዕለቱ ልብ ሊባል ይገባል። ቅበላ ሐሙስ ከጾም በፊት ሥጋ የሚጠገብበት ቀን ሲሆን፣ የቶስካና ሰዎች ደግሞ በዚያ ቀን ሥጋ ያጣ ድመቱን ያርዳል ይላሉ። የቪቼንሳ ተወላጆችም እስከ ዛሬ «ድመት በላዎች» እየተባሉ ይቀለድባቸዋል። ከእነዚህ ቀልዶች ሥር ያለው ችጋር ነው።

ችጋሩን በድመቷ በኩል ሆኖ የተረከልን ናፖሊያዊው ጃምባቲስታ ባዚሌ ነው፤ የተረት መድበሉ ደራሲው ከሞተ በኋላ ከ1634 እስከ 1636 ታተመ። በተረቱ አንድ ለማኝ ሲሞት ለታላቁ ልጁ ወንፊት፣ ለታናሹ ለካልዩሶ ድመት ያወርሳል። ድመቷ ዓሣና አእዋፍ እያደነች በጌታዋ ስም ለንጉሥ ትወስዳለች፤ በብልሃቷም የንጉሡን ልጅ ታጋባዋለች። ካልዩሶ «ስትሞች አስከሬንሽን በወርቅ ሣጥን አስቀምጣለሁ» ብሎ ይምላል። ድመቷ ግን መሐላውን ልትፈትን የሞተች መስላ ትተኛለች። ሚስቱ መርዶውን ስትነግረው፣ «በእግሯ ይዘሽ በመስኮት ወርውሪያት» ይላል። ድመቷ ተነሥታ ውለታዋን እየቆጠረች ትረግመዋለች፤ ጥላውም ትሄዳለች። ከባዚሌ በፊት ኢጣሊያዊው ተራኪ ስትራፓሮላ፣ ከእርሱ በኋላም ፈረንሳዊው ፔሮ በ1697 ይህንኑ ታሪክ በደስታ ጨርሰውታል። በእኔ ግምት እውነቱን የያዘው ባዚሌ ነው፤ ድህነትንም ሹመት የሚያመጣውን ክህደትም ሳይሸፍን አሳይቷልና።

ምሳሌያዊ አነጋገሩም የዚያው ኑሮ ልጅ ነው። ወደ አሳማው ስብ የምትመላለስ ድመት መዳፏን እዚያው ጥላ ትቀራለች ይባላል። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ለሚለው አንባቢ ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም፤ የኢጣሊያው ግን ቅጣቱንም ይጨምራል።

ዛሬ በኢጣሊያ በ1991 የወጣው ሕግ ቁጥር 281 ባለቤት የሌላቸውን ድመቶች ማሰቃየትን ይከለክላል፤ ተገቢ ነው። በ2010 ግን አንድ የታወቀ የምግብ ተንታኝ በክፉው ዘመን ቶስካና ውስጥ ድመት ይበላ እንደነበር በመንግሥት ቴሌቪዥን በመናገሩ ከፕሮግራሙ ታገደ። የድሆችን ትዝታ እንዲህ ዝም ማሰኘት ለድመቶች አይጠቅምም፤ የባህል አጥኚዎች ያን ዘመን የሚያስታውሱ አረጋውያን ሳያልቁ ቃላቸውን ሊቀዱ ይገባል።