ከቀበሌ መዝገብ እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

የከተማ አስተዳደር ታሪክ በአመዛኙ የመዝገብ ታሪክ ነው። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ፤ ቀበሌም የነዋሪው መመዝገቢያ ሆነ። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የሕዝቡን ብዛት ከ42 ሚሊዮን በላይ መሆኑን አስታወቀ። ይሁን እንጂ ቆጣሪ ላልደረሰባቸው አካባቢዎች የተያዘው አኃዝ ግምት ነበር፤ ግምትነቱም አልተሸሸገም።

በ2012 ዓ.ም. ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ብሔራዊ ማዕከል ተቋቋመ፤ በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጣ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተሰበሰበ መረጃ ተምሮ የሚገምት የኮምፒዩተር አሠራር ነው። ከፍጆታ መዝገብ ተነሥቶ ውኃ የሚባክንበትን መሥመር ሊጠቁም፣ የተማሪዎችን ብዛት አስቀድሞ በመገመት የመማሪያ ክፍሎችን ዕቅድ ሊያግዝ ይችላል።

በገበሬዎች ማሠልጠኛው ስሟ የታወቀውን የባሌዋን አጋርፋ ለምሳሌ እንውሰድ። እንደዚህ ባለች ከተማ ከመዝገብ የቀረ ሕፃን በመሣሪያው ዘንድ እንዳልተወለደ ይቆጠራል፤ ወንበርም አይታቀድለትም። አቤቱታውን በኦሮምኛ የሚያቀርብ ነዋሪም፣ መሣሪያው ቋንቋውን በሚገባ ካልተማረ መልስ ያጣል። ከሁሉ የሚያሠጋው ግን የመሣሪያው ግምት እንደ እርግጠኛ ቁጥር መወሰዱ ነው።

ስለሆነም መምህሩ በጥንቃቄ የሚይዘው የተማሪዎች ስም መዝገብ የአዲሱ አሠራር መሠረት መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ዕቅድ አውጪውም ማናቸውም አኃዝ ሲቀርብለት «ተቆጥሮ ነው ወይስ ተገምቶ?» ብሎ መጠየቅን ከ1976ቱ ቆጠራ ሊማር ይችላል።