ካሊፐርና ካሊብሬሽን፦ ከጫማ ቅርጽ እስከ ኮከብ

የአቃቂ ብረታ ብረት ሠራተኛ ቶርኖ ላይ የቀረጸውን ዘንግ ስፋት በካሊፐር ይለካል። የሥነ ፈለክ ባለሙያው ደግሞ የኮከብን ድምቀት በቁጥር ከማስቀመጡ በፊት መሣሪያውን «ካሊብሬት» ያደርጋል፤ ማለትም ያስተካክለዋል። ቃላቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ሁለቱም የመጡት የመድፍ አፍ ስፋት ከሚነገርበት «ካሊበር» ነው። አውሮፓውያን ቃሉን የወሰዱት ከዐረብኛው «ቃሊብ» እንደሆነ ይታመናል፤ ቃሊብ ማለት ቀልጦ የሚፈስ ብረት የሚረጋበት ቅርጽ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሲኬድ የግሪኩ «ካሎፑስ» ይገኛል፦ «ካሎን» እንጨት፣ «ፑስ» እግር። ጫማ ሠሪ ቆዳውን የሚወጥርበት የእንጨት እግር ማለት ነው። ስለዚህ የጫማ ሥራ የሚማር ሰው በእጁ የሚይዘው ቅርጽ የቃሉ ጥንተ ትርጉም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከዐረብኛ የወረስነው «ቀልብ» የቃሊብ ዘመድ ይመስላል፤ የዐረብኛ መዝገበ ቃላትም በአንድ ሥር ያስቀምጧቸዋል። ነገር ግን ቀልብ የዐረብኛው የራሱ ቃል ነው፤ ቃሊብ ከውጭ ገብቶ የቤቱን ልብስ የለበሰ እንግዳ ነው።

የእኛው «ማስተካከል» በሌላ መንገድ መጥቷል። «አከለ» ከሚለው «ተካከለ»፣ ከእሱም «ትክክል» ይወጣል። በሥሩ ትክክል ማለት ከሌላ ጋር እኩል መሆን ነው፤ ብቻውን ትክክል የሚሆን ነገር የለም።

የታሕተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ጨረር ልኬት ታሪክ ይህን ያሳያል። «ታሕት» የዛሬው «ታች» ነው፤ ዊልያም ሄርሼል እ.ኤ.አ. በ1800 ዓይን የማያየውን ይህን ጨረር ከቀዩ ብርሃን ማዶ በቴርሞሜትር አገኘው። በኋላ ድምቀቱን ለመለካት ቬጋ የተባለችው ኮከብ ማነጻጸሪያ ሆነች፤ ድምቀቷ «ዜሮ» ተባለ፣ ሌሎችም ከእሷ ጋር ተነጻጸሩ። ስሟ «አን-ነስር አል-ዋቂዕ» ከሚለው የዐረብኛ ስም የቀረ ቁራጭ ነው፤ የሚያርፍ ንስር ማለት ነው። የዐረብኛው «ነስር» እና የግእዙ «ንስር» አንድ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1983 አይራስ የተባለችው ሳተላይት መሣሪያዋን ለማስተካከል ወደ ቬጋ ስታነጣጥር፣ ኮከቧ በረጃጅሞቹ የታሕተ ቀይ ሞገዶች ከሚጠበቀው በላይ ደምቃ ተገኘች። ምክንያቱ በዙሪያዋ ያለ አቧራ ነው፤ የኮከቧን ብርሃን ውጦ በሙቀት መልክ ይተፋዋል። ለነዚያ ሞገዶች ቬጋ ቅርጽነቷ አበቃ፤ ባለሙያዎች ወደ ሌላ ኮከብ፣ ወደ ሲሪየስ፣ ዞሩ።

ቅርጹ ራሱ ሲያብጥ በላዩ የተወጠረው ጫማ ሁሉ ይሰፋል። ስለዚህ አንድ ልኬት «ትክክል ነው» ሲባል፣ ቃሉ ራሱ የሚያስነሳው ጥያቄ «ከምን ጋር?» የሚል ነው።