የሞተረኛው አሠሪ ማነው?

ሰናይያ ውስጥ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ትእዛዝ የሚጠብቅ ወንድም ሁላችንም እናውቃለን። ልብሱ ላይ ያለው የመተግበሪያው ስም ነው፤ ቪዛው ላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ካምፓኒ ነው። «አሠሪህ ማነው?» ብትሉት ቶሎ መልስ የለውም። ጥያቄው ደግሞ ስልክ ያመጣው አይደለም።

በፈረንጆች 1889 የለንደን ወደብ የቀን ሠራተኞች ጠዋት በር ላይ ተኮልኩለው ጠሪ ይጠብቁ ነበር። የተጠራ ይገባል፣ ያልተጠራ ባዶ እጁን ይመለሳል። የተጠራውም አንዳንዴ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ «በቃህ» ይባላል። በኦገስት ሥራ አቆሙ፤ አምስት ሳምንት ያህል ቆዩ። የጠየቁት በሰዓት 6 ፔንስ፣ ደግሞም አንዴ ከተጠሩ ቢያንስ የ4 ሰዓት ሥራ ነበር። ስድስቷን ፔንስ አገኙ። (የማቴዎስ 20 የወይን ቦታ ሠራተኞች እንኳ፣ ማልደው የገቡት በቀን አንድ ዲናር ተዋውለው ነው የገቡት።)

በ2021 እዚያው እንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኡበር ጉዳይ፣ ሹፌሩ በተፈቀደለት ከተማ መተግበሪያውን ከፍቶ ለመጫን ዝግጁ ከሆነ ሥራ ላይ ነው አለ። መጠበቅም ሥራ ሆነ ማለት ነው። በ2023 ግን የዴሊቨሩ ሞተረኞች ተረቱ፤ በራሳቸው ፈንታ ሌላ ሰው መላክ ስለሚችሉ የቅጥር ግንኙነት የላቸውም ተባለ። እኔን ብዙም አላሳመነኝም። ስንቱ ነው ሰው የሚልከው?

ወደ እኛ እንምጣ። በ2022 ዴሊቨሩ ዱባይ ላይ የአንዷን ትእዛዝ ክፍያ ከ10.25 ወደ 8.75 ድርሃም ሊያወርድ፣ የሥራ ሰዓቱንም ሊያስረዝም አሰበ። ሥራ ማቆም በዚህ አገር ክልክል ነው፤ ሞተረኞቹ ግን በሜይ መግቢያ ቆሙ፣ ካምፓኒውም ሐሳቡን ተወ። በሳምንቱ የታላባት ልጆችም ጭማሪ ጠይቀው ቆሙ። አብዛኞቹን የቀጠሩት መሐል ያሉ ኤጀንሲዎች ነበሩ።

በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 2 ቀን የ1980ው የሥራ ሕግ በአዲስ ተተክቶ ነበር። አዲሱ ሕግ የትርፍ ሰዓትና የጊዜያዊ ሥራን አውቋል፣ አሠሪ ፓስፖርት እንዳይዝም ከልክሏል። ይህን ሕግ ይዛችሁ የምትጠይቁት ግን ውላችሁ ላይ አሠሪ ተብሎ የተጻፈውን ነው እንጂ ልብሳችሁ ላይ ያለውን አይደለም። የቤት ሠራተኛ እህቶች ሕጋቸው ሌላ ነው፤ በ2022 የወጣው ቁጥር 9 ነው።

ለሚቀጥለው ጥናት ውላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የአሠሪው ስም ያለበትን መስመር አብረን እናነባለን።