ለወደቀ ልጅ የተከፈለ ዋጋ

ሐረር ውስጥ ልጅ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ወላጅ ያልከፈለበት ዘመን የለም። የተለወጠው ተቀባዩ ነው። እኔ እዚያው አቦከር ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ ዕድሜዬን በነርስነት ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ድንጋጤው ከዕጣን ገበያ ወደ ላቦራቶሪ መስኮት ሲሻገር በዓይኔ አይቻለሁ።

አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት የጁገል ግንብ ውስጥ መድኃኒት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብሮች እንዳሏት ጽፏል። ልጇ የወደቀባት እናት ዕጣንና ቡና ቋጥራ ከነዚህ ወደ አንዱ ትሄዳለች። የቁርዓን አስተማሪው በእንጨት ሰሌዳ ላይ አንቀጽ ይጽፍና ቀለሙን በውሃ አጥቦ ያጠጣል። ክርስቲያን ጎረቤቷ ጠበል ትወስዳለች። እቤት የቀሩት ደግሞ ክብሪት ጭረው ጢሱን ያሸትታሉ፣ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ሎሚ ይልጣሉ። ቡዳ ነው፣ ጂኒ ነው የሚለው ክርክር አይጠፋም፤ ከበሮቿ አንዱን ቡዳ በር ብላ ለምትጠራ ከተማ ይህ የሚገርም አይደለም።

ልጁ ብዙውን ጊዜ ዕጣኑ ሳይጤስ ይነቃል። የነቃውም ወድቆ ስለተጋደመ ነው፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ክብሪቱ ነበር። ይህን ስል ድሮውን እያሞገስኩ አይደለም። አፍንጫቸው የተቃጠለ ልጆች አይቻለሁ። የሚጥል በሽታ የያዛቸው ሕፃናትም ጂኒ አለባቸው ተብለው ከትምህርት ቤት ሲቀሩ፣ በርካሹ መድኃኒት በፌኖባርቢታል ሊረዱ ሲችሉ ዓመታት አልፈውባቸዋል። ሽማግሌዎቹ ግን አንድ ነገር አይስቱም ነበር፤ ከምንም በፊት ይጠይቃሉ። ቁርስ በልቷል? ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር? እቤት ከሰል ተያይዟል? መስኮቱስ ተከፍቷል?

ዘመናዊ ሕክምና ሐረር የገባው ከብዙ ከተሞች ቀድሞ ነው። ራስ መኮንን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሆስፒታል አሠርተው፣ የጓዴሎፕ ተወላጁን ዶክተር ቪታሊያንን አምጥተው ነበር። ሰውዬው ለልጃቸው ለተፈሪ ፈረንሳይኛም አስተምሯል። ያኔ ለወደቀ ልጅ ሐኪሙ የነበረው ጣቱ፣ ጆሮውና ጥያቄው ነበር። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ ሆላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን መሣሪያውን ለዓለም አስተዋወቀ። ዛሬ ኢሲጂ የምንለው የዚያ መሣሪያ ልጅ ነው። የጭንቅላቱ ኢኢጂ እ.ኤ.አ. በ1929 ታተመ፤ ሲቲ ስካን ደግሞ የመጀመሪያውን በሽተኛ ያየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው።

ብሪታንያዊው ሐኪም ቶማስ ሌዊስ ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1932 ተራውን ራስን ስቶ መውደቅ ቫሶቬጋል ብሎ አስረድቶ ነበር። ሰው ለረጅም ጊዜ ሲቆም፣ ሲራብ፣ ደም ሲያይ ወይም ሲደነግጥ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፣ የደም ሥሮቹ ይላላሉ፣ የልቡ ምት ይዘገያል፤ አንጎል ለአፍታ ደም ያጣል። ሲጋደም ይመለሳል። ለዚህ ነው የወደቀን ልጅ ደግፎ ማቆም ክፉ የሚሆነው።

እኔን ያሠለጠኑኝ ድሬሰር የሚባሉት የጤና ረዳቶች ናቸው። የሌዊስን ስም ሰምተው አያውቁም፤ ሥራውን ግን ያውቁታል። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከሰልፍ መሐል ልጅ ተዘርግቶ ይወድቃል። ድሬሰሩ ጥላ ሥር ያስተኛዋል፣ እግሩን ከፍ ያደርጋል፣ አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ይፈታል፣ የከበበውን ሰው ያባርራል። ሲነቃ ስኳር የበዛበት ሻይ ይሰጠዋል። ከዚያ ከጎኑ የቆመውን ተማሪ ጠርቶ ይመረምራል፤ ልክ እንደ ፖሊስ። ፊቱ ነጣ ወይ? አላበው? ተንፈራገጠ? ስንት ደቂቃ? ለዚህ ሁሉ ሳንቲም አይጠየቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ የግሉን ዘርፍ ካበረታታ በኋላ ክሊኒክና ላቦራቶሪ በየሰፈሩ በዛ። ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ያንን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ጥያቄው አጠረ፣ ወረቀቱ ረዘመ። ራሱን ስቶ የመጣ ልጅ ሰገራ፣ ሽንት፣ ደም ይታዘዝለታል፤ ዊዳልም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1896 የተፈለሰፈው ይህ የታይፎይድ ምርመራ በሽታው በሚዘወተርበት አገር አንዴ ብቻ ተሠርቶ የሚታመን አይደለም፤ የኛ ሰው ግን «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ሳይል ከክሊኒክ የሚወጣ አይመስለውም። ቀጥሎ ሲቲ ስካን ይመጣል፤ አንዳንዱም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። የአንድ ራስ ሲቲ ጨረር ወደ መቶ የሚጠጋ የደረት ራጅ ያህል መሆኑን ለወላጅ የሚነግር ግን የለም።

አንዲት የሰፈራችን እናት ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። «ዶክተር፣ ሁሉም ደህና ነው ይሉኛል፤ ታዲያ ለምን ወደቀ?» አለችኝ። ነርስ መሆኔን ብታውቅም ሰፈሩ ዶክተር ነው የሚለኝ። ልጁን ወደ ጎን ወስጄ ጠየቅሁት። ረመዳን ነበር፤ ሱሁር ሳይበላ ከትልልቆቹ እኩል ልጹም ብሎ ፀሐይ ላይ ሲሰለፍ ወደቀ። ሁለተኛ የወደቀው ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ሲቀዱት ነው። ሁለቴ ወደቀ ተብሎ ደግሞ ሌላ ምርመራ ታዘዘለት! የመረዳጃ ማኅበራችን አፎቻ ለሠርግና ለሐዘን የቆመ ነው፤ ለዚህ አይደርስም። ቤተሰቡ የከፈለው ከበግ ሽያጭና ከብድር ነበር።

በሀብታም አገርም ያው ነው። ስታይንበርግና ክናይላንስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት 169 ልጆች 663 ምርመራ ተደርጎላቸው 180,128 ዶላር ወጥቷል። መልስ የሰጠው ምርመራ 26 ብቻ ነበር። እነሱ ያባከኑትን ኢንሹራንሳቸው ይችለዋል፤ እኛ የምናባክነው ግን የልጁን እራት ነው።

ከማሽኖቹ የምከራከርለት ኢሲጂ ብቻ ነው፤ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ አያምም፣ አደገኛውን የልብ ችግር ሊጠቁም ይችላል። ልጁ የወደቀው እየሮጠ ወይም እየዋኘ ከሆነ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ካለ ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ከሰል ካለበት ክፍል ከወደቀ መጀመሪያ ወደ አየር አውጡት፣ ከዚያ ሆስፒታል። በቀረው ሁሉ ግን፣ ወላጆች፣ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ገንዘብ ከመበደራችሁ በፊት ልጁ ሲወድቅ አጠገቡ የነበረውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙም እሱን ሳይጠይቅ ወረቀት እንዳይጽፍ ለምኑት።